ሰባት ዓመት ለምላሴ ያጠጣሁት ፓፍ

አስም እንዳለብኝ የተነገረኝ በ2008 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዋን ሰማያዊ ፓፍ፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት፣ ያዘዘልኝ ሐኪም በሩ ላይ ሃያ ሰው ተሰልፎበት ነበር። «ሲያፍንሽ ሁለት ጊዜ ሳቢ» አለኝ። በቃ። ትምህርቴ ይኼው ነበር። ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ፤ ገዛሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ጣልኳት። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሙሉ ባፈነኝ ቁጥር ሁለቴ ሳብኩ። ሳብኩ የምለው እኔ ነኝ። ሳንባዬ የደረሰው ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

መምህርት ነኝ፤ አንደኛ ደረጃ ነው የማስተምረው። ጠመኔ አለ፣ ዳስተር አለ፣ ሃምሳ ልጅ ሲሯሯጥ የሚነሳ አቧራ አለ። ለአስም የተመረጠ ሙያ አይደለም። ክፍል ውስጥ ሲነሳብኝ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞራለሁ፤ ጠቅ ጠቅ አደርጋለሁ፤ ቶሎ ቦርሳዬ ውስጥ እመልሳታለሁ። ልጆቹ እንዳያዩኝ ነው። እፍረቱን ከቤት ነው ያመጣሁት። እማዬ ነፍሷን ይማርና፣ ሰው ፊት ስስብ ካየችኝ ትቆጣለች። «አንቺ ልጅ፣ የሳንባ በሽታ አለባት ይሉሻል» ትላለች። ደግሞ ትጨምርና «እሱ ነገር ልብ ያደክማል፤ አንዴ ከለመድሽው አይለቅሽም።» እማዬ ክፉ ሆና አይደለም። ሰፈር ውስጥ የሚወራውን ነው የነገረችኝ። ዛሬም ይወራል።

በ2015 ጥቅምት ላይ ሰፈራችን ካለ ፋርማሲ ሄድኩ። ባለሙያዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ በቀደም አልወሰድሽም እንዴ?»

አለቀብኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ይቺ ጣሳ እኮ 200 ፓፍ ነው ያላት። በአሥራ ሁለት ቀን?» አፈርኩ። «በይ እስቲ እዚሁ አንዴ አሳዪኝ» አሉ።

አሳየኋቸው። ክዳኑን ነቀልኩ። አፌን ከፈትኩ። ጠቅ ጠቅ። አፌን ገጠምኩና ዋጥኩ። አዎ፣ ዋጥኩ!

አልሳቁብኝም። ከመሳቢያ የእጅ መስታወት አወጡና «አሁን ደግሞ እያየሽ» አሉኝ። ደገምኩት። ከአፌ ጥግ ነጭ ጉም ብን ብሎ ወጣ። «አየሽው? እሱ ገንዘብሽ ነው። የቀረውን ደግሞ ምላስሽ ጠጣው።» ከፓፍ በኋላ አፌን የሚመረኝ ለካ ለዚህ ነው። እኔ እኮ መድኃኒቱ መሥራቱን የማውቀው በምሬቱ ነበር።

ሰው እስኪመጣ ድረስ ቆመው አስተማሩኝ። መጀመሪያ ክዳኗን ነቅሎ አፏን ማየት። ክዳን ሳይኖራት ቦርሳ ውስጥ የምትዞር ፓፍ የማትሰበስበው ጉድ የለም፤ ከእኔዋ አንድ ቀን የጠመኔ ስባሪ ወጥቷል። ከዚያ አራት አምስት ጊዜ በደንብ መበጥበጥ። አዲስ ከሆነች ወይም ብዙ ቀን ካልተነካች መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ወደ አየር መርጨት። ቀጥ ብሎ መቆም ወይም መቀመጥ። አገጭን ትንሽ ቀና ማድረግ። ቀጥሎ ትንፋሽን ማውጣት።

እኔን ለሰባት ዓመት የጣለኝ ይኼ ነው። ሲያፍነን የሚታየን አየር ማስገባት ብቻ ነው፤ ማውጣት ትዝ አይለንም። ግን የሞላ እንስራ ላይ ውኃ አይቀዳም። ስለዚህ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ እስከቻሉት ድረስ። ከዚያ የፓፏን አፍ በጥርስ መካከል አስገብቶ ከንፈርን ግጥም ማድረግ፤ ምላስ ከሥር ይሁን፣ መንገድ እንዳይዘጋ። ቀስ ብሎ በአፍ መሳብ ይጀመራል። ልክ ሲጀመር አንዴ ብቻ ጫን። ሳያቋርጡ መሳብ፤ አራት አምስት ሰከንድ ያህል፣ ሳይጣደፉ። በኃይል ከሳቡት መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ተላትሞ ይቀራል። ከዚያ ፓፏን አውጥቶ፣ አፍን ዘግቶ፣ በልብ እስከ አሥር መቁጠር። ሁለተኛ ከታዘዘ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቆ፣ እንደገና በጥብጦ፣ ከመጀመሪያው መጀመር። ሁለቱን ተከታትሎ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ሁለተኛውን መድፋት ነው።

ይኼ ሁሉ በጣሳ ተጨምቃ ለምትረጨዋ ነው። ዱቄት የሚሳብባቸው ሌላ ዓይነቶች አሉ። እነሱ አይበጠበጡም፤ የሚሳቡትም በኃይልና በፍጥነት ነው። የትኛዋን እንደያዛችሁ የሸጠላችሁን ጠይቁ።

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ ሞከርኩ። አንድ፣ ጉም። ሁለት፣ ትንሽ ጉም። ሦስተኛው ላይ ምንም አልወጣም። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደረቴ ተከፈተ። ወዲያው ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ልቤም ድው ድው። የእማዬ ቃል ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። በነጋታው ሮጬ ፋርማሲዋ ሄድኩ። ሰማያዊዋ ውስጥ ያለው መድኃኒት፣ ሳልቡታሞል፣ እንደዚያ እንደሚያደርግ፣ ብዙውን ጊዜም ብዙ ሳይቆይ እንደሚያልፍ ነገሩኝ። «ያለ ሐኪም ከሁለት አታሳልፊ። ለመለማመድ ደግሞ ባዶዋ ትበቃለች» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። ለሰባት ዓመት ያልተንቀጠቀጥኩት ጠንክሬ ሳይሆን መድኃኒቱ ስላልገባ ነው።

ስለዚች ዕቃ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። ድሮ የአስም መድኃኒት የሚረጨው በእጅ የሚጨመቅ ጎማ ባለው የመስታወት ዕቃ ነበር። በአሜሪካ የአንድ መድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ አስም ነበረባት። «ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ አይሆንም?» ብላ ጠየቀችው ይባላል። በ1956 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋ ፓፍ ገበያ ወጣች። ምርጥ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን የፀጉር ስፕሬይ የሚረጭ ሰው ትንፋሹን መቁጠር እንደሌለበት ረስቷል።

ስንት እንደቀረ ማወቅም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ቁጥር የሚያሳዩ አሉ፤ የእኔዋ የላትም። ጎረቤቴ «ውኃ ላይ ጣያት፤ ከተንሳፈፈች አልቃለች» አለችኝ። አደረግኩት። ከዚያ በኋላ አፏ ተዘግቶ እንቢ አለችኝ። ለካ የብረቷን ክፍል ውኃ ጨርሶ ሊነካት አይገባም፤ መንሳፈፏም የሚያስተማምን ነገር አይናገርም። ባዶ ስትሆን ደግሞ ፉስ ማለቷን አታቆምም፤ መድኃኒቱ አልቆ ጋዙ ይረጫል። አሁን የከፈትኩበትን ቀን በማርከር ፕላስቲኩ ላይ እጽፋለሁ፤ የሳብኩትን ደግሞ የልጆች ደብተር ላይ በመስመር እቆጥራለሁ። ፕላስቲኩን በሳምንት አንዴ ብረቷን አውጥቼ ለብ ባለ ውኃ አጥበዋለሁ፤ አድሮ ይደርቃል።

እንግዲህ አወቅኩበት ብዬ ልቤ አበጠ። መዓቱም የመጣው ከዚያ ነው።

ሐኪም ቤት ተመልሼ ቡናማዋ ፓፍ ታዝዛልኝ ነበር፣ ቤክሎሜታዞን። ጠዋትና ማታ፣ ቢያመኝም ባያመኝም። ሰማያዊዋ በአየር ቧንቧው ዙሪያ የተኮማተረውን ጡንቻ ታላላለች፤ በደቂቃዎች ትሠራለች፤ በሰዓታት ትጠፋለች። ውስጡ ያበጠውን ግን አትነካውም። ያንን የምታበርደው ቡናማዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ቀናትና ሳምንታት ትፈልጋለች። ስትሳብ ምንም አይሰማም። ደረት አይከፈት፣ እጅ አይንቀጠቀጥ። እና ሁለት ወር ከወሰድኩ በኋላ ደህና ሆንኩ። ደህና ስሆን ተውኳት። ውድም ናት። ከጥር እስከ መስከረም ሰማያዊዋን ብቻ ይዤ ኖርኩ።

መስከረም 16 ማታ ሰፈራችን ደመራ ተለኮሰ። ራቅ ብዬ ቆምኩ። ንፋሱ ዞረ። ጭሱ ፊቴ ላይ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ጉንፋን ነገር ይዞኝ ነበር፤ ሌሊት ሌሊትም ሳል ይቀሰቅሰኝ ነበር፤ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሰማያዊዋን ሳብኩ፤ በትክክል። አሥር ደቂቃ። እንደገና። ሰዓቱ አራት ሲል ወንድሜ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ም... ምንም...» ብዬ ቃሉን መጨረስ አቃተኝ። ራይድ ጠርቶ ይዞኝ በረረ። ድንገተኛ ክፍል ጣቴ ላይ የገጠሙት የደም ኦክስጅን መለኪያ 88 በመቶ አለ። ኦክስጅን ሰጡኝ፤ በማሽን የሚሳበውን ሰጡኝ፤ መርፌ ወጉኝ።

ጠዋት ተረኛው ወጣት ሐኪም አጠገቤ ተቀመጠ። «ቡናማዋንስ?» አለኝ።

«ደህና ስለሆንኩ ተውኳት።»

«ደህና የሆኑት እኮ በእሷ ነው፣ ቲቸር።»

ከዚያ የነገረኝን ልንገራችሁ። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዋቂና ጎረምሳ ሰማያዊዋን ብቻ ይዞ እንዲኖር አይመክርም። በዓመት ሦስት ጣሳና ከዚያ በላይ ሰማያዊ የሚጨርስ ሰው ለብርቱ መነሳት የተጋለጠ ነው፤ በወር አንድ የሚጨርስ ደግሞ ለሞትም። እኔ በአሥራ ሁለት ቀን አንድ ስጨርስ የነበርኩ ሰው ነኝ። ዝም አልኩ። ቡናማዋን ከሳባችሁ በኋላ ደግሞ አፋችሁን በውኃ ተጉመጥሙጣችሁ ትፉ፤ ያለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ነጭ ነገር ያወጣል፣ ድምፅም ያጎረንናል። እኔ ጥርሴን ከመቦረሼ በፊት ነው የምስባት። ብሩሹና ፓፏ አንድ ኩባያ ውስጥ ስለሚቀመጡ አልረሳትም።

ሐኪሙ ሌላም ነገር ጠየቀኝ። «ከሦስት ቀን በፊት ምን ተሰማዎት?» ምንም አልኩት። ውሸቴን አልነበረም። ዓመታት የታፈነ ሰው ትንሽ መታፈንን ይለምደዋል። ቧንቧዬ እየጠበበ እኔ ደረጃ እየወጣሁ «ዕድሜ ነው» እላለሁ። ስሜቴ ዘግይቶ ነው የሚነግረኝ። «ስለዚህ ይለኩ» አለኝ።

መለኪያው ፒክ ፍሎው ሜትር ይባላል፤ ትንፋሽ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚወጣ ያሳያል። እንደ ፉጨት የሚነፋ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ጎኑ ላይ ቁጥርና የምትንሸራተት ቀይ መርፌ አለው። ባትሪ የለው፣ ምን የለው። የጠየቅኳቸው ፋርማሲዎች አልነበራቸውም። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በመንገደኛ ላከችልኝ፤ ከሁለት ኪሎ ቡና ጋር ተለዋወጥን። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። መርፌዋን ታች ዜሮ ላይ መመለስ። መቆም። አየር ጢም አድርጎ መሳብ። ከንፈርን ቱቦው ላይ ገጥሞ ባንዴ፣ ባጭሩ፣ ባለ በሌለ ኃይል እፍ ማለት። እንደ ሻማ ሳይሆን እንደ ኩራዝ። ሦስት ጊዜ ይነፋና ትልቁ ይጻፋል፤ አማካዩ አይደለም። ጠዋትና ማታ፣ ፓፍ ከመሳቡ በፊት። ጣት መርፌዋን እንዳይይዛት ተጠንቀቁ፤ እኔ የመጀመሪያ ሳምንት ይዣት «ሳንባዬ አለቀለት» ብዬ አልቅሻለሁ።

በደህና ጊዜ ሁለት ሳምንት ስነፋ ትልቁ ቁጥሬ 420 ሆነ። ይኼ የእኔ ነው፤ የእናንተ ሌላ ነው። የቁመት፣ የዕድሜ፣ የፆታ ነገር አለበት። እንደ ትራፊክ መብራት ከፋፈልነው። ከራሴ ትልቅ ቁጥር ሰማንያ በመቶ፣ ማለት 336 እና ከዚያ በላይ አረንጓዴ፤ እንደወትሮዬ እኖራለሁ። ከ336 ወርዶ እስከ 210 ቢጫ፤ ሐኪሙ በጻፈልኝ መሠረት መድኃኒት ይጨመራል፣ ይደወላል። ከ210 በታች ቀይ፤ ሰማያዊዋን ስቦ ሐኪም ቤት። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። ወንድሜም ያነበዋል፤ ዋናው እሱ ነው፣ ቀይ ውስጥ ስሆን እኔ አላነብም።

ጥቅሙን ያየሁት በኅዳር ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ያ የኅዳር በሽታ ሰው ከጨረሰ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ለጤና የተጀመረ ነገር ለእኛ ለአስመኞች ፈተና ሆኗል። ኅዳር 9 ጠዋት ነፋሁ፣ 390። በ10፣ 350። በ11፣ 310። እኔ ግን ደህና ነበርኩ! ምንም አልተሰማኝም። ቁጥሩ ባይኖር ኅዳር 12 እንደ ልማዴ ጠዋት በእግሬ ሥራ እሄድ ነበር። ደወልኩ፤ የታዘዝኩትን ጨመርኩ፤ አስፈቅጄ ቤት ዋልኩ፤ መስኮቱን በእርጥብ ፎጣ ደፈንኩት። ማታ የሰፈሩ ጭስ ጣሪያ ሲነካ አልጋዬ ላይ ደብተር አርም ነበር። በ16 ቁጥሬ ወደ 400 ተመለሰ።

ለልጆች ግን ፓፍ ብቻውን ከባድ ነው። የወንድሜ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጫንና ሳብ የሚለው አንድ ላይ አይሆንለትም። ስፔሰር ያስፈልገዋል፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ የሚጠራቀምበት ባዶ ዕቃ። ውድ ሆነብን። ወንድሜ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አነሳ። ሽቦ በፓፏ አፍ ልክ ጠምዝዞ እሳት ላይ አግሎ የጠርሙሱን ቂጥ በሳው። ፓፏ ግጥም ብላ ገባች፤ ዙሪያዋን በፕላስተር አሸገው። ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ይስባል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የኬፕታውን ሐኪሞች በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዲህ ያለው ጠርሙስ ከሚሸጠው ስፔሰር ጋር እኩል ሠርቷል። አንድ ነገር ብቻ፤ ጠርሙሱን በሳሙና ውኃ አጥባችሁ ሳታለቀልቁና ሳትወለውሉ በራሱ ይድረቅ፤ ያለዚያ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። አንድ ጊዜ ጫን፣ ከዚያ ልጁ አምስት ስድስቴ በዝግታ ይተንፍስበት። ትንሹ ሕፃን ግን ማስክ ያለው ያስፈልገዋል። እኔም ሲብስብኝ በጠርሙሱ ነው የምስበው፤ በጭንቅ ሰዓት ማን ሰከንድ ይቆጥራል።

ለጭንቅ ሰዓት የተጻፈልኝም ይኼ ነው። ቁጭ ማለት፤ አለመተኛት። በስፔሰር ሰማያዊዋን አራት ፓፍ፣ አንድ በአንድ። ካልተሻለ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መድገም፤ እየደገሙም ወደ ሐኪም ቤት መንቀሳቀስ። አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተ፣ አንገት ሥር ያለው ጉድጓድ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈር ከጠቆረ ሃያ ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። አምቡላንስ 907 ነው፤ የቀረበ መኪና ካለ መኪናው። ደግሞ ፉጨቱ ድንገት ጠፍቶ ሰውየው ከደከመ «ተሻለው» ብላችሁ ደስ አይበላችሁ። አየር መግባት ሲያቆም ነው ፉጨት የሚጠፋው።

ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዱ አስም እንዳለባችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ለራስ ምታት ወይም ለልብ ትርታ የሚታዘዝ ፕሮፕራኖሎል ለእኛ አደገኛ ነው። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም አንዳንዶቻችንን ያስነሱብናል። ዝንጅብሉንና ጥቁር አዝሙዱን እኔም እጠጣለሁ፤ ጠበልም እሄዳለሁ። ፓፏ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

ባለፈው ሳምንት አራተኛ ክፍል ስገባ አንዲት ልጅ ጠረጴዛ ሥር ጎንበስ ብላ ጠቅ ጠቅ ስታደርግ አየኋት። በዕረፍት ሰዓት አስቀረኋትና የእኔን ፓፍ አውጥቼ አሳየኋት። ዓይኗ ፈጠጠ። «ቲቸር፣ አንቺም?» «እኔም። በይ እስቲ የአንቺን ደግሞ አሳዪኝ።» ነጭ ጉም ከአፏ ጥግ ብን አለ። መስታወት አልነበረኝም፤ የስልኬን ካሜራ ወደ ፊቷ አዞርኩላት። በባዶዋ ጣሳዬ ተለማመድን። እናቷም በማግስቱ መጥታ አብራን ሞከረች። ዓርብ ዕለት ከስፖርት በፊት የታዘዘላትን ስትስብ ቆሜ አየኋት፤ በጣቷ አሥር ቆጠረች፤ ከዚያ አፏን ከፈተች።

«ቲቸር፣ አልመረረኝም» አለችኝ።